ፖምፓውን ከማስፈታታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ትራክተር የሌላችሁም አንብቡት፤ ነገሩ የትራክተር ብቻ አይደለም።

አጎቴ ከድሬ ወጣ ብሎ እርሻ አለው። የራሱን መሬት የሚያርሰውም፣ ለጎረቤት እያከራየ ልጆቹን የሚያሳድገውም በአንድ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 290 ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው፣ ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማያንስ ብረት።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ እንዳለ ትራክተሩ ጉልበት አጣ። ጠዋት ሲነሳ ደህና ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረሰ በኋላ ይደክማል፣ ነዳጅ ቢሰጡትም አይሰማም፣ መጨረሻ ላይ እየተንተፋተፈ ይጠፋል። ትንሽ አርፎ ሲነሳ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ማሽላ የሚዘራ ሰው የሚያዝያ ዝናብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መሬቱ እርጥበቱን ይዞ አይጠብቅህም።

ከተማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ አስነሳው፣ ትንሽ አዳመጠና "ፖምፓው አልቋል" አለ። በቃ። ዋጋው 60 ሺህ ብር። አጎቴ አንድ ወይፈንና ፍየሎች ሸጦ ከፈለ። ፖምፓው ተፈታ፣ ጎሚኒዎቹ ተቀየሩ፣ ተገጠመ። ስድስት ቀን ሄደ። እርሻ ላይ መልሰን ስናስነሳው ግማሽ ሰዓት ሰርቶ ያው በሽታ! ስንደውል "የድሬ ሙቀት ነው" አሉን።

ከዚያ ሰው ጠቆመንና ለገሃሬ ያሉ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ጋር ሄድን። አባባ መፍቻ እንኳ አልያዙም። ትራክተሩ ጥላ ላይ ተቀመጡና ጥያቄ ጀመሩ። "ከመቼ ወዲህ ነው? ከዚያ በፊት ምን ተነካ?" አጎቴ "ምንም አልተነካም አባባ" አለ። "ምንም የሚባል ነገር የለም፣ አስብ።" ይሄኔ የአጎቴ ልጅ ፈራ ተባ እያለ የነዳጅ ጋኑ ክዳን ጠፍቶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሌላ ገዝቶ እንደገጠመ ተናገረ።

አባባ ሳቁ። ትራክተሩን አስነስተው እስኪደክም እንድናርስበት አደረጉ። ሊጠፋ ሲል ክዳኑን ላላ አደረጉት። ፍስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ጉልበቱን መልሶ ተነሳ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። ዋናው ክዳን ላይ አየር የሚያስገባ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ፤ የተገዛው ክዳን ግን ድፍን ነበር። ናፍጣው ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ጋኑ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። መጋቢዋ ፓምፕ መሳብ ያቅታታል፣ ሞተሩ ይራባል። ሲያርፍ አየር ቀስ ብሎ ሾልኮ ይገባና "ተሻለው" ይባላል።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ሀፍረት። የማስተምረው ፊዚክስ ነው። በየዓመቱ ስለ አየር ግፊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ የዘይት ጀሪካን ለምን ሁለት ቀዳዳ ቢኖረው እንደሚሻል ለተማሪ እጠይቃለሁ። አጎቴ ወይፈኑን ሲሸጥ ግን አጠገቡ ቆሜ ነበር። ደብተር ላይ ያለው እውቀት ማሳው ላይ አልደረሰም።

ስለዚህ ከአባባ የተማርኩትንና በኋላ እየጠየቅኩ ያረጋገጥኩትን ላካፍላችሁ። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው።

1. ጭሱን እዩ። ጥቁር ጭስ ካለ ናፍጣው ለገባው አየር በዝቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እዩ። በእኛ አቧራ የዘይት ማጣሪያው ሳህን ቶሎ ጭቃ ይሆናል። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ ነው፤ ሰማያዊ ዘይት ነው። ጭስ ሳይኖረው የሚደክም ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣ እየደረሰው አይደለም። የአጎቴ ይሄኛው ነበር። ደግሞ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ ላይ ትንሽ የሚጨስ ትራክተር ታመመ አይባልም። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ እዚያ አየሩ ሳሳ ይላል።

2. ክዳኑን አላልታችሁ ሞክሩ። ዋጋው ዜሮ ብር።

3. የጋኑን መውጫ፣ ዝቃጭ የሚጠራቀምበትን ኩባያና ፊልትሮዎቹን እዩ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። በጀሪካንና በበርሜል የተገዛ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ሳታሳድሩና ሳታጠሉ አትሙሉ።

4. የመጋቢዋን ፓምፕ መውጫ ቱቦ ፈታችሁ በእጅ ምቱት። በኃይል ካልተፋ እሷ ናት። ከዋናው ፖምፓ ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ ትንሽ ነው።

5. አየር። አንዲት የላላች ዳዶ ወይም የተሰነጠቀች ቱቦ አየር ካስገባች ሞተሩ ይንተፋተፋል። መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ፣ ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ባሉት ማስተንፈሻ ቡሎኖች አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ አስወጡት።

6. ሞተሩ በዝግታ እየሰራ የኖዝል ቱቦዎችን ዳዶ አንድ በአንድ ላላ አድርጎ ማጥበቅ። ድምፁ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር አይሰራም፤ ኖዝሉን ወይም ኮምፕሬሽኑን ተመልከቱ። አደራ! ኖዝል የሚተፋው ናፍጣ ላይ እጃችሁን እንዳታደርጉ። በዚያ ዘመን ሞተሮች የኖዝል መክፈቻ ግፊት ወደ 200 ባር ገደማ ነው፤ ቆዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባል። የደረሰበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ደህና ከሆነ፣ አዎ፣ ያኔ ፖምፓው ይጠርጠር። ለማሲ ዓይነቱ አንድ ምልክት አለ፦ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ አልነሳም ይላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ቆይቶ ሲሞከር ከተነሳ፣ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው፤ የሞቀ ናፍጣ ቀጭን ስለሆነ በተበላው በኩል ያመልጣል።

እዚህ ላይ ለመካኒኮቻችንም ፍትሐዊ ልሁን። ፖምፓ በእውነት የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው። በማሲዎቹ ላይ ያለው ክብ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ላምባ የተቀላቀለበት ወይም ውሃ ያለበት ናፍጣ ይበላዋል። በውስጡ ባሉት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት ሺህኛ ብቻ ነው፣ ከፀጉር በብዙ ይቀጥናል። ደርግ ዘመን ናዝሬት ይገጣጠሙ የነበሩት ቤላሩሶች በተራ የተደረደረ ፖምፓ ስላላቸውና ታችኛው ክፍሉ በዘይት ስለሚሰራ ትንሽ ይችሉታል። ደንበኛም "ዛሬውኑ ጨርስልኝ" እያለ ሲያጣድፍ መካኒኩ ትልቁን ዕቃ ፈቶ ለመገላገል ይፈተናል። ይገባኛል።

ግን የሚያጣድፈው ሰው ወይፈኑን ሸጦ የሚከፍል ሰው ነው። ሳይለኩ መፍታት ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሁሌ ገበሬው ነው። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ፖምፓ ከመፈታቱ በፊት ባለቤቱ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ናፍጣ እስከ ፖምፓው በደንብ መድረሱን አሳየኝ። ከተፈታ በኋላ የተበላውን ዕቃ በእጄ ስጠኝ። መሞከሪያ ማሽን ላይ ሲለካ ልየው። በእነዚህ የሚቆጣ ጋራዥ ካለ ትራክተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጥሩ መካኒክ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ሁለተኛው ነገር የሚያሳዝነኝ ነው። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደረሰ፣ ከተማው በወርክሾፑ ዙሪያ አደገ። በ1950ዎቹ የናፍጣ ባቡሮች ከመጡ በኋላ ደግሞ ናፍጣ ሞተርን በጆሮው የሚያውቅ ትውልድ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ተፈጠረ። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው፤ እሰየው። የድሮዎቹ ባለሙያዎች ግን ዛሬ ከዛፍ ስር ቁጭ ብለው ከሰዓቱን ይገፋሉ፣ ማንም "አባባ፣ ይህን እንዴት አወቁት?" የሚላቸው የለም። እኛ ደግሞ ከከዚራ ጥላ ስር ተቀምጠን "የሚሰራ ሰው ጠፋ" እንላለን። አቦ፣ ሰው አልጠፋም! ጠያቂ ነው የጠፋው።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ተራ መምህር ነኝ፣ ለማንም መመሪያ የማውጣት ሥልጣን የለኝም። ክፍሌ ግን የእኔ ነው። አባባን ለምኜ እሺ ብለውኛል፤ ትምህርት ሲጀመር የአየር ግፊት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ያንን ድፍን ክዳን ይዘው ክፍል ይገባሉ። የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ እናንተም አንድ አንድ ሽማግሌ ፈልጉ። ቤንዚንና ናፍጣ አይጠይቁም፣ አንድ ብርጭቆ ሻይና የሚሰማ ጆሮ ይበቃቸዋል።

አጎቴስ? ክዳኑን በቀጭን መሰርሰሪያ በሳነው፣ ቆሻሻ እንዳይገባበት ከላይ ጨርቅ አሰርንበት። ትራክተሩ እያረሰ ነው። ማሽላው ዘግይቶ ተዘራ፣ እንግዲህ ቀሪውን ዝናብ ያውቃል። 60 ሺው ግን አልተመለሰም። ቢያንስ የሌላ ሰው 60 ሺህ እንዲተርፍ ይህን ጽሑፍ ትራክተር ላለው ዘመዳችሁ አድርሱልኝ። የጎደለ ወይም የተሳሳትኩት ነገር ካለ ባለሙያዎች አርሙኝ፣ አልቀየምም።