መኰላተፍ አያሳፍርም

በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ከምንማር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የምርምር ሥራችንን የምንሠራው በእንግሊዝኛ ነው። በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጣን የምርምር ተማሪዎች ጃፓንኛ የሚሰጠን ባብዛኛው ለስድስት ወር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ለየግላችን ፈቃድ ይተዋል። ፈቃዳችን የት እንዳደረሰን ዛሬ በግልጽ ልንነጋገርበት እንወዳለን።

ከመካከላችን አንዱ ወገን መጽሐፉን ታቅፎ፣ በሩን ዘግቶ የሚያጠና ነው። ሂራጋናና ካታካና እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት ቢኖሯቸው፣ ሀሁ ቈጥሮ ላደገ ሰው አይከብዱም። ቀጥሎ ካንጂ ይመጣል፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው ዝርዝር ለዘወትር አገልግሎት የተመረጡት ብቻ 2,136 ናቸው። ይህ ወንድማችን ሲጽፍ ያድራል፤ ፈተናውንም ያልፋል። ዳሩ ግን በአምስት ደረጃ የሚሰጠው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ንባብንና ማዳመጥን እንጂ መናገርን አይመዝንም። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ሐኪም ቤት ሲገባ ሕመሙን በጣቱ እየጠቆመ ያስረዳል።

ሌላው ወገን መጽሐፍ መግለጥ ትቷል፤ ቋንቋውን ከኳስ ሜዳና ከመጠጥ ቤት ለቃቅሟል። እኛ «ትበላለህ» እና «ይበላሉ» ብለን እንደምንለይ ሁሉ፣ ጃፓኖችም ለባልንጀራ «ታቤሩ»፣ ለሚከበር ሰው «ሜሺአጋሩ» ይላሉ። ይህኛው ወንድማችን ፕሮፌሰሩን በባልንጀራ ቃል ያናግራል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ አያርሙትም፤ እሱም ሳያውቀው ባለጌ ይባላል።

መጽሐፍ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት አንድ ነገር እንንገራችሁ። አንድ ጓደኛችን የምርምር ዕቅዱን ሲያስረዳ አማካሪው «ሃይ፣ ሃይ» እያሉ አዳመጡት፤ በመጨረሻም «ቾቶ...» ብለው ዝም አሉ። መዝገበ ቃላቱ «ሃይ» ማለት «አዎን»፣ «ቾቶ» ማለት «ጥቂት» ነው ይላል። ጓደኛችንም «ተፈቅዶልኛል፤ የቀረኝ ጥቂት ነው» ብሎ ሦስት ወር ደከመ። «ሃይ» እየሰማሁህ ነው ማለትም እንደሆነ፣ ተንጠልጥሎ የቀረው «ቾቶ» ደግሞ የጨዋ እምቢታ መሆኑን የነገረው አብሮት ሻይ የጠጣ ጃፓናዊ ተማሪ ነው። የሦስት ወር ድካም በአንድ ስኒ ሻይ ይድን ነበር።

ታዲያ ከሰው ጋር እንዳንቀመጥ ያገደን ምንድን ነው? ጊዜ አጣን እንላለን። እውነቱ ግን ኀፍረት ነው። ከመካከላችን ብዙዎች በአገር ቤት መምህራን ናቸው፤ በመቶ ተማሪ ፊት ያስተማረ ሰው በሱቅ ሻጭ ፊት እንደ ሕፃን መኰላተፍን ይፈራል። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ እርስ በርሳችን ተሰብስበን በአማርኛ እንጫወታለን።

ደግሞስ አማርኛችን ለጃፓንኛ ስንቅ ሆኖን ሳለ ለምን እንፈራለን? ማሰሪያ አንቀጹ እንደኛው በመጨረሻ ይመጣል። «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ»፣ ሲጠብቅ «ቴምብር» ማለት ነው፤ «ገና»ን ከ«ገና» የሚለይ ጆሮ ይህን አይስተውም። የሚያስቸግረን የድምፅ መርዘም ነው፤ «ኦባሳን» ሲያጥር አክስት፣ «ባ»ው ሲረዝም አያት ነውና። ይህም ቢሆን እየተሳሳቱ፣ እየተሳቀባቸው የሚለምዱት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሳምንት አንድ ምሽት ቡና አፍልተን ጃፓናውያን ተማሪዎችን እንጥራ። አቦሉና ቶናው በጃፓንኛ ብቻ ይጠጣ፤ በበረካው እኛ አማርኛ እናስተምራቸው። የሰማነውንም ቃል በማግሥቱ ከመጽሐፍ ጋር እናመሳክር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን በአጭር ጊዜ ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈውልናል። እኛ ዓመታት ተቀምጠን፣ ከጎረቤታችን ጋር ሳንነጋገር ዲግሪ ብቻ ይዘን ብንመለስ፣ ለሚጠይቁን ተማሪዎቻችን ምን ብለን እንነግራቸዋለን?