ሁለቱም መሪ ከሆኑ ማን ይከተል?

የዛሬው ጨዋታችን የፍቅር ሳይሆን የጊታር ነው። ግን ትንሽ ታገሱኝማ፣ መጨረሻው ከፍቅርም ብዙ አይርቅም።

ከአንድ የሰፈሬ ልጅ ጋር ጊታር ስንማር ሕልማችን አንድ ነበር፤ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጊታሮች ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ቦታ መጫወት። ኢግልሶች ዘፈኑን በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት አልበም ላይ ያንን ቦታ የተጫወቱት ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ ናቸው። መጀመሪያ ይቀባበላሉ፤ ኋላ ግን አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው እኩል ይነጉዳሉ። መሪ ሁለት፣ መንገድ አንድ!

እኛ ደግሞ «እስቲ በቀላል ዜማ እንጀምር» ተባባልን። እሱ ዜማውን ያዘ፣ እኔ ከላይ ልደርብ። ሀርመኒ ማለት ሦስተኛዋን ኖታ መያዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እሱ «ዶ» ሲመታ አራት ፍሬት ቆጥሬ «ሚ»ን መታሁ። አቤት ማማሩ! በቃ ገባኝ አልኩና ለሁሉም ኖታ አራት አራት ፍሬት መቁጠሬን ቀጠልኩ። «ሬ» ላይ ስንደርስ ጆሮ የሚቧጥጥ ነገር ወጣ። «ተሳሳትክ» አልኩት። ደገምነው። «ጊታርህን ቃኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። በሦስተኛው ሳምንት «ካንተ ጋር መጫወት ሰለቸኝ» ብሎኝ ጊታሩን አዝሎ ወጣ።

ለካ ጥፋቱ የኔ ኖሯል! የገባኝ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ስቆጥር ነው። ሦስተኛ ማለት ከስኬሉ አንዷን ኖታ ዘሎ ቀጣይዋን መያዝ ነው፤ ርቀቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ከዶ እስከ ሚ፣ ከፋ እስከ ላ፣ ከሶ እስከ ሲ አራት ፍሬት ነው። ከሬ እስከ ፋ፣ ከሚ እስከ ሶ፣ ከላ እስከ ዶ፣ ከሲ እስከ ሬ ግን ሦስት ነው። እኔ ሬ ላይ አራት ስቆጥር ፋን አልፌ ፋ ሻርፕ ላይ እወድቅ ነበር። ምስኪኑ ጓደኛዬ ምን አጠፋ?

በኛ ቅኝት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ትዝታ ሜጀር አምስት ኖታ ብቻ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። የፈረንጁን ሦስተኛ እንዳለ ከደረባችሁበት ሬ ላይ ፋ፣ ሶ ላይ ሲ ይገባል። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ ትዝታው ይሸሻል። ለኔ የሚጥመኝ ከአምስቱ ሳይወጡ አንዷን መዝለል ነው፤ ለዶ ሚ፣ ለሬ ሶ፣ ለሚ ላ፣ ለሶ የላይኛውን ዶ፣ ለላ የላይኛውን ሬ።

ለጀማሪዎች ምክሬ ይኸው። መጀመሪያ ሁለታችሁም ያንኑ ዜማ አንድ ጊታር እስኪመስል አብራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተጫወቱ። ከዚያ አንዳችሁ ደርቡ፤ የሚደርበው ከዋናው በላይ አይጩህ። ክር የምትገፉበት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ፤ እሱ ከሚ ወደ ፋ ሲገፋ አንድ ፍሬት ነው፣ እናንተ ከሶ ወደ ላ ስትገፉ ሁለት። አጣማሪ የሌለው ዜማውን በስልኩ ቀድቶ በላዩ ይደርብ። ቦታም ተለዋወጡ፤ ሁልጊዜ መሪ መሆን የለም።

እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ደወልኩና «ስህተቱ የኔ ነበር፣ ሬ ላይ ሦስት ነው» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እኔ እኮ ያኔውኑ አውቄው ነበር፤ መች አስወራኸኝ?» አለኝ። ይቺ ቃል ከዚያ ከተበላሸው ኖታ በላይ ቆረጠችኝ።

ቅዳሜ መጣ። እስካሁን ሆቴል ካሊፎርኒያ አልደረስንም። አንድ ነገር ግን ለምጃለሁ፤ ድምፁ ሲጣመም መጀመሪያ የማየው የራሴን ጣት ነው። እናንተም ከፍቅረኛም ሆነ ከጓደኛ ጋር ድምፁ ሲጣመም እስቲ ሞክሯት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!