ለመዋጮ ነዋሪ፥ ለስብሰባ እንግዳ



ከመካከላችን ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። ተማሪዎቹ ለሦስትና ለአራት ሆነን በአንዲት ስቱዲዮ ተጠጋግተን እናድራለን፤ ከመምህሮቻችንም ብዙዎቹ የደመወዛቸውን አብዛኛውን ክፍል ለቤት ኪራይ እየገበሩ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የገዛ ደጃፋችን ጉዳይ ነው።

ጥቂቶቻችን በምንኖርበት አንድ ብሎክ የውሃው ፓምፕ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ያህል ውሃ ወደ ላይ ሳይወጣ ቀረ። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ስብሰባ ጠራ። በቀጠሮው እሑድ ጠዋት በግቢው የተገኘው ሰው አብዛኛው በደረጃ ላይ ጀሪካን ሲያወጣ የሰነበተ ተከራይ ነበር። ሰብሳቢው ስም ጠርተው ሲያበቁ፥ «ተከራዮች ውጡልን፤ ይህ የባለቤቶች ስብሰባ ነው» አሉ። ወጣን። የቀሩት ባለቤቶች ቢቆጠሩ ግን ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም፤ ስብሰባውም ለሌላ ቀን ተላለፈ። ውሃ የቸገረው ከደጅ ቆሞ፥ ያልቸገረው ከነጭራሹ ሳይመጣ፥ ፓምፑ እንደ ተሰበረ ሰነበተ። ወሩ ሲያልቅ ግን የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ሰብሳቢው ያንኳኳው የእኛን በር ነበር እንጂ የባለቤቱን አልነበረም።

ታዲያ ለመዋጮ ጊዜ ነዋሪ፥ ለምክር ጊዜ እንግዳ መሆን ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የማኅበሩን አባልነት ለቤት ባለቤቶች ሰጠ። ሕጉ ባለቤቱና ነዋሪው አንድ ሰው ይሆናል ብሎ ያሰበ ይመስላል። ነገሩ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ቢከለከልም ማከራየት አልተከለከለም፤ ስለዚህ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ ብዙ ባለዕጣ ራሱ ሌላ ቦታ እየኖረ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል። እኛ ይህን አንነቅፍም፤ ችግር ያስገደደው ብዙ ነው። ነገር ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እዚህ ባለቤቱ ከአጥሩ ውስጥ የለም። አጥሩ ሲነቀነቅ የሚሰማው ተከራዩ ነው፤ እርሱ ደግሞ ድምፅ የለውም።

የሚቃወሙን ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፥ «ተከራይ ወፍ ነው፤ ዛሬ አለ፥ ነገ የለም» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት የሚኖር ሰው ወፍ ከተባለ፥ ቁልፉን ከተረከበ ጀምሮ አንድ ሌሊት ያላደረበት ባለቤት ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው፥ «ተከራይ ወጪ ይወስናል፥ ባለቤት ይከፍላል» የሚል ነው። ይህ ስጋት በከፊል እውነት ስላለበት ልንንቀው አይገባም። ጣራ መለወጥ፥ ሕንፃውን ማደስ፥ የጋራውን ቦታ ለንግድ ማከራየት የባለቤቶች ጉዳይ ነው፤ ለእነርሱ ይሁን። ነገር ግን ዘበኛውን መምረጥ፥ ውሃው በፈረቃ የሚለቀቅበትን ሰዓት መወሰን፥ ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦታ መለየት የባለ ካርታው ጉዳይ ነውን? ይህን የሚያውቀው በዚያ የሚያድረው ሰው ነው፤ በብዙ ብሎክም ወርኃዊውን መዋጮ የሚከፍለው እርሱ ነው።

ደግሞስ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር ያስፈልገናልን? ዕድራችንን እንይ። በዕድር ውስጥ ካርታ አሳይ የሚባል ሰው የለም። ተከራዩም ባለቤቱም ወርኃዊውን ይከፍላል፤ ለተከራዩም ለባለቤቱም ድንኳን ይተከላል። ለሞታችን እኩል የሆንን ሰዎች ለውሃችን እኩል መነጋገር እንዴት አቃተን?

የውጭው ዓለም ምሳሌ ያሻል ለሚሉም አለ። በዴንማርክ ለትርፍ ባልቆሙት የቤት ማኅበራት ተከራዮቹ በየመንደራቸው ተሰብስበው የዓመቱን በጀት ያጸድቃሉ። የለንደን ምሳሌ ግን ያስጠነቅቀናል። ግሬንፌል በተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በተነሣው እሳት 72 ሰዎች አለቁ። ሕንፃውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት በስሙ የተከራዮች ድርጅት ነበር፤ በቦርዱም ተከራዮች ተቀምጠውበት ነበር። ከነዋሪዎቹ መካከል ስለ እሳት አደጋ አስቀድመው የጻፉ ነበሩ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ስለዚህ አንድ ወንበር አግኝቶ ዝም ብሎ መቀመጥ በቂ አይደለም።

የራሳችንም አገር ታሪክ ይህንኑ ይነግረናል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመው ተከራዩም አባል ሆነ። ነገር ግን ማኅበሩ የነዋሪው መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት እጅ በሆነ ጊዜ ሰው ከቀበሌ ስብሰባ መሸሽን ተማረ። ዛሬም ብዙዎቻችን «ስብሰባ» ሲባል ፊታችንን የምናዞረው ከዚያ የወረስነው ፍርሃት ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በየደረጃው ያሉ ተከራዮች አንድ ተጠሪ ይምረጡ፤ ቅሬታም በጽሑፍ ሆኖ በእርሱ በኩል ይቅረብ፤ መልስ የተሰጠበትም ቀን ይመዝገብ።

ሁለተኛ፥ መምጣት የማይችል ባለቤት ለተከራዩ የጽሑፍ ውክልና ይስጥ። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም እየተባለ ፓምፕ ተሰብሮ የሚቀርበት ምክንያት ይህን ያህል ይቀንሳል።

ሦስተኛ፥ ማኅበራት መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ተከራዮች በስብሰባ ተገኝተው እንዲናገሩ፥ በጥበቃ፥ በጽዳትና በውሃ ጉዳይም ድምፅ እንዲሰጡ ይፍቀዱ።

አራተኛ፥ የወሩ ገቢና ወጪ በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ። የከፈለ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ማየት ይገባዋል።

አምስተኛ፥ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል በኪራይ ውሉ ላይ በግልጥ ይጻፍ።

ይህን ስንል ጣታችንን ወደ ሰብሳቢዎቹ ብቻ አንቀስርም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ስለማያውቁት ጭሰኛ ተሟግተዋል። እኛ ግን በአንድ ደረጃ ላይ የምንተላለፈውን ተከራይ ስሙን አናውቅም። አምፖል ሲቃጠል «የሰው ቤት ነው» ብለን በጨለማ እንወጣለን፤ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ «ባለቤቱ ይወቀው» ብለን እናልፋለን። የዜግነትን ትርጉም ለፈተና እናጠናለን፤ ደረጃው ላይ ስንደርስ ይጠፋብናል። እንዲህ እያደረግን ድምፅ ይሰጠን ብንል ማን ይሰማናል?

በመካከላችን ሕግ የሚያጠኑ አሉ፤ የየማኅበራቸውን ደንብ አንብበው ለጎረቤት ያስረዱ። ሒሳብ አያያዝ የሚማሩ አሉ፤ መዝገቡን ለማስተካከል ያግዙ። ኢንጂነሪንግ የሚማሩ አሉ፤ ፓምፑን ሄደው ይዩ። መምህሮቻችንም በሚኖሩበት ብሎክ ፊት ቢቀድሙ ሌላው ይከተላል።

በዚያ እሑድ ውጡ ስንባል ወጣን። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ ግን ስማችንን፥ የቤት ቁጥራችንን፥ የከፈልንበትን ደረሰኝና የባለቤቶቻችንን ውክልና ይዘን እንመጣለን። ያን ጊዜም ውጡ የሚለን ሰው ካለ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ጽፎ ይፈርምልን።

ተከራይ ተማሪዎች