ዳኛውን ማን ይዳኘዋል?

ባለፈው ሰሞን የክፍሎች የቅርጫት ኳስ ውድድር ካለቀ በኋላ በመመገቢያ አዳራሹ የተነሣው ክርክር እስካሁን አልበረደም። አንዱ ወገን «ዛሬ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም፤ ነካ ሲያደርጉት የሚወድቅ ሁሉ ተጫዋች ሆነ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የድሮው ትግል እንጂ ኳስ አልነበረም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት ኤን ቢ ኤ የተባለውን የአሜሪካ ባለሙያ ተጫዋቾች ሊግ ነው። እኛም ጩኸቱን ሰምተን ዝም ከማለት ይልቅ ምስክሩን ራሱን ብንመረምር ይሻላል ብለን ይህን ርእሰ አንቀጽ ለዚሁ አውለነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ «ድሮ» የሚሉት የትኛውን ድሮ ነው? ኅዳር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ18 አሸነፈ። ይህ የሩብ ሰዓት ውጤት አይደለም፤ ሙሉው የ48 ደቂቃ ጨዋታ ነው። ሌከርሶች ጆርጅ ማይከን የሚባል ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ ተጫዋች ስለ ነበራቸው፣ ፎርት ዌይኖች ኳሱን ይዞ መቆምን መረጡ። ከሌከርስ 18 ነጥብ 15ቱን ያገባው ማይከን ነበር። ኳስ ይዞ መቆምን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ዳኞቹ ምንም ማድረግ አልቻሉም። ተመልካቹ ግን ገንዘቡን የከፈለው ሰዎች ቆመው ሲተያዩ ለማየት አልነበረም።

መድኃኒቱ የተገኘው በ1954 ነው። የሲራኪዩስ ቡድን ባለቤት የነበረው ዳኒ ቢያሶን ቀላል ሒሳብ ሠራ፤ ጥሩ ጨዋታ በሚባልበት ቀን ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ ወደ 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ፤ 48 ደቂቃ 2880 ሰኮንድ ነው፤ ይህ ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። ስለዚህ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰኮንድ ውስጥ መወርወር ግዴታው ሆነ። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ የሚያገባው ነጥብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ79 ገደማ ወደ 93 ከፍ አለ። ሊጉን ከሞት ያተረፈው ይህ ማካፈል ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም፤ ሒሳብ ለምን እንማራለን ለሚሉ ወንድሞቻችንም መልስ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በብልጠትና በሕግ መካከል የተደረገ ሩጫ ነው። ለማይከን ሲባል ከቅርጫቱ ሥር ሦስት ሰኮንድ የሚቆጠርበት ክልል በ1951 ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ ሰፋ፤ በ1964 ደግሞ ዊልት ቼምበርሌን የሚሉት ኀይለኛ መጥቶ ነበርና ወደ 16 ጫማ ሰፋ። በ1979 ከሩቅ ለሚገባ ኳስ ሦስት ነጥብ መስጠት ሲጀመር በቁም ነገር የተመለከተው ሰው ጥቂት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከሩቅ የሚሞክረው ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ ከ35 ጊዜ በላይ ይሞክራል። ምክንያቱ ይኸው የቢያሶን ዓይነት ሒሳብ ነው፤ ከሩቅ መቶ ወርውሮ 36 ያገባ ሰው 108 ነጥብ ሲያገኝ፣ ከቅርብ መቶ ወርውሮ 50 ያገባ 100 ብቻ ያገኛል። ስቴፈን ከሪ በ2015/16 የውድድር ዘመን ብቻውን 402 ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ አገባ። ከመካከለኛ ርቀት ተረጋግቶ የመወርወር ጥበብ በዚህ ምክንያት እየመነመነ መሄዱ እኛን ያሳዝነናል፤ ነገር ግን ሒሳቡን ልንክደው አንችልም።

ወደ ግፊያው እንመለስ። በታኅሣሥ 1977 ከርሚት ዋሽንግተን በሜዳ ላይ በተነሣ ጠብ ሩዲ ቶምጃኖቪችን በቡጢ መትቶ ፊቱን ሰባበረው፤ ሰውዬው ለጥቂት ከሞት ተረፈ። በማግሥቱ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ዳኛ ተጨመረ፤ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ ተተወ፤ ለዘለቄታው የተመለሰው በ1988 ነው። ሆኖም ዲትሮይት በ1989ና በ1990 ዋንጫውን የወሰደው ተቀናቃኙን እየደቆሰ ነበር። ተከላካይ እጁን በአጥቂው ወገብ ላይ አሳርፎ መግታቱ ከጥንት ጀምሮ በወረቀት የተከለከለ ቢሆንም፣ ዳኞች በጥብቅ ፊሽካ መንፋት የጀመሩት ከ2004 ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ቀጫጭኖቹና ፈጣኖቹ ነፃ ወጡ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ አጥቂዎች በበኩላቸው ብልጠት ተማሩ፤ ሆን ብለው ተከላካዩ ላይ እየዘለሉ ፋውል መለመን ያዙ። በ2021 ደግሞ ይህኛው ተነፈገ። እንግዲህ ሕጉ ለስላሳም ሻካራም አይደለም፤ ብልጣ ብልጡን ከኋላው ሆኖ የሚያሳድድ ነው።

ሕግ መጻፍ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ፊሽካውን የሚነፋው ሰው ነውና። በ2007 ቲም ዶናጊ የተባለ የሊጉ ዳኛ በራሱ ዳኝነት በሚመሩ ጨዋታዎች ላይ ሳይቀር መወራረዱ ተገለጠ፤ ጥፋቱን አምኖ በ2008 የ15 ወር እስራት ተፈረደበት። ይህ የአንድ ሌባ ታሪክ ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። በዚያው በ2007 የተሰማው ሌላ ወሬ ግን የሌባ አልነበረም። ጆሴፍ ፕራይስና ጀስቲን ውልፈርስ የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ምሁራን ከ1991 እስከ 2004 የተደረጉትን ጨዋታዎች መርምረው፣ ነጭ ዳኞች የበዙበት ቡድን በጥቁር ተጫዋቾች ላይ፣ ጥቁር ዳኞች የበዙበትም በነጮች ላይ በመጠኑ የበዛ ፋውል እንደሚነፋ አሳዩ፤ ልዩነቱ እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። ሊጉ አስተባበለ። ጋዜጦች ግን ጉዳዩን አራገቡት። ከዓመታት በኋላ ምሁራኑ ተመልሰው ከወሬው በኋላ የተደረጉትን ጨዋታዎች ቢመረምሩ አድልዎው ጠፍቶ አገኙት። እነዚህ ዳኞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ የሚያደርጉትን እንኳ አላወቁትም። የለወጣቸው መታየታቸው ነው።

ሊጉም ይህን ዘግይቶ የተረዳ ይመስላል። ከ2015 ጀምሮ ውጤቱ ተቀራርቦ ባለቀ ጨዋታ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የተነፋውንና ሳይነፋ የቀረውን እየዘረዘረ፣ ይህ ትክክል ነበር ይህ ስሕተት ነበር ብሎ በማግሥቱ ያወጣል። ውጤቱ አይለወጥም። የዳኞቹ ማኅበር አልወደደውም፤ በአንድ በኩል እንረዳቸዋለን፣ ፊልም እያቆመ የሚፈርድና እየሮጠ የሚፈርድ እኩል አይደሉምና። በ2019 አሠልጣኞች ውሳኔ እንዲመረመርላቸው የመጠየቅ መብት አገኙ፤ ይህኛው በእርግጥ የጨዋታውን ትንፋሽ ይቆርጣል፣ የመጨረሻዋ ደቂቃ ሩብ ሰዓት ስትፈጅ ማየት ያሰለቻል።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ። በባለፈው ፍጻሜ፣ ሊጠናቀቅ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው የተነፋው ፋውል ዋንጫውን ወሰነ። የተሸናፊው ቡድን አምበል በጽሑፍ አቤት አለ፤ በቃል የተሰጠው መልስ «የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» የሚል ነበር። እኛ ፋውሉ ትክክል ይሁን አይሁን አንፈርድም፤ እንዲያውም ትክክል ሳይሆን አይቀርም ከሚሉት ነን። ነገር ግን የውድድሩ ደንብ የትኛው እንደ ሆነ ስንጠይቅ ሊያሳየን የቻለ ሰው አልተገኘም። አንዱ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ሲጫወት፣ ሌላው በቴሌቪዥን ያየውን የአሜሪካን እርምጃ ይራመዳል፤ ዳኛው ደግሞ የሚያስታውሰውን ይነፋል።

የስፖርት ኮሚቴውን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከመጪው ውድድር በፊት የምንጫወትበት ደንብ ተባዝቶ ለየቡድኑ ይሰጥ። ከየጨዋታው በኋላም የዳኞቹ ማስታወሻ፣ አቤቱታ ካለም መልሱ ከነምክንያቱ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ውጤት ይሰረዝ አላልንም፤ ዳኛም ይሰደብ አላልንም። ዳኞቹ ከእኛው መካከል የወጡ፣ ያለ ክፍያ ከቀትር በኋላ ፀሐይ የሚያቃጥላቸው ወንድሞቻችን ናቸው። ውጤት በየጊዜው እየለጠፉ ምክንያቱን ግን የማይለጥፉ ሌሎች ዳኞችም በግቢያችን እንዳሉ መምህሮቻችን ሳይነግሩን ያውቃሉ፤ ያንን ለሌላ ቀን አቆይተነዋል።

ኮሚቴው ለሚሰጠው መልስ በሚቀጥለው እትም ግማሽ ገጽ ክፍት ትተናል።