ለመጣበት ወይስ ለሚኖርበት?

አውስትራሊያውያን በእጅም በእግርም የሚመቱት የሞላላ ኳስ ጨዋታ አላቸው። የክፍለ ሀገር ምርጥ ቡድኖቻቸው ሲጋጠሙ ተጫዋቹ የሚሰለፈው ለሚኖርበት ነበር። ባለገንዘቧ ቪክቶሪያ ታዲያ የሌላውን ልጅ ትወስድና መልሳ በገዛ ልጁ ታስመታው ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. «ሁሉም ለመጣበት ይሰለፍ» ተባለና ምዕራብ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ ቪክቶሪያን 151 ለ57 ድባቅ መታቻት። እሰየው!

ይህን የሰማ የዳንፎርዝ ቡና ጠጪ «እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም?» ማለቱ አይቀርም። ኧረ ይቅርብን! በ1984 ሂውስተን ላይ የተጀመረው የሰሜን አሜሪካው ውድድራችን ቡድኖቹን ያቆመው በከተማ ነው። የደሴው፣ የጅማውና የሐረሩ ልጅ አንድ የቶሮንቶ ማልያ ያጠልቃል። «ለመጣበት» ካልን ግን «አንተ ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከሜዳው በር ይጀምራል። እሱንማ አገር ቤት ጠግበነዋል። ደግሞስ እናቱ ከአዋሳ፣ አባቱ ከመቀሌ ሆነው እዚሁ የተወለደው ልጅ ለማን ሊሰለፍ ነው? (ለሁለት ከፍለን አንሰጠው!)

ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ውድድሩ በ2016 ቶሮንቶ ሲመጣ ዳር ሆነው ያዩ ሕፃናት ዛሬ ጎረምሶች ናቸው። ወላጆች፣ የቶሮንቶን ማልያ የሚረከቡት እነሱ ናቸውና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ልምምድ ስደዱልን።