ስለ ምላጭና ስለ ተማሩ ሰዎች ዝምታ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የምጽፍልህ መሀይም ነህ ብዬ አይደለም። ማንበብ የማትችል ብትሆን ኖሮ ወቀሳዬ ወደ አንተ ባልመጣም ነበር። መሀይሙንማ የሚወቅሰው ብዙ ነው፤ በየስብሰባው ይዘለፋል፥ ኋላ ቀር ይባላል፥ አንገቱን ደፍቶም ይሰማል። የተማረውን ግን የሚወቅሰው የለም። እኔ ዛሬ የምነሣበት ሰው ዲግሪ የያዘ፥ ሕጉን ያነበበ፥ በልቡም ነገሩ ክፉ እንደ ሆነ የሚያውቅ፥ ነገር ግን ሴት ልጁ በተወለደች በሰባተኛው ቀን «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ጋቢውን ደርቦ ከቤት የሚወጣው ሰው ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። እኛ የመካነ ሰላም ሰዎች ነን። የታላቅ እኅቴ ልጅ ከዩኒቨርስቲ ተመርቆ የመንግሥት ሥራ ይዟል። ሚስቱ ሴት ልጅ ተገላገለችና በሦስተኛው ቀን ልጠይቅ ሄድሁ። ገንፎው ቀርቦ፥ ቡናው ተፈልቶ፥ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፥ ሁሉም ደስ ብሎታል። በጨዋታ መካከል እኅቴ «እሑድ ሴትዮዋ ትመጣለች» አለች። የትኛዋ ሴትዮ እንደ ሆነች የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሁላችንም እናውቃለን። የሕፃኒቱን አባት ቀና ብዬ አየሁት፤ እርሱ ስልኩን ያያል።

ወደ ደጅ ጠርቼ «ምን ልታደርግ ነው?» ብለው፥ «አጎቴ፥ እኔ አላምንበትም፤ ግን ከእናቴ ጋር መጣላት አልፈልግም። ደግሞም እሑድ ደሴ እሄዳለሁ» አለኝ። ደሴ የሚያስኬድ ጉዳይ እንደሌለው እርሱም እኔም እናውቃለን። በአቀስታ በኩል ያለውን ያን ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት የሚወጣውና የሚወርደው ልጁ ስታለቅስ ላለመስማት ነበር።

እንግዲህ ነገሩን በስሙ እንጥራው፤ ነውር ነው እየተባለ ስሙ ሳይጠራ የኖረ ነገር ነውና። በአማራ አገር በአብዛኛው ቦታ ሴት ልጅ የምትገረዘው በአራስነቷ፥ ብዙ ጊዜም በተወለደች በሳምንቷ ገደማ ነው። አንዲት አሮጊት ምላጭ ይዛ ትመጣለች፤ ከሕፃኒቱ ብልት ቈርጣ ትጥላለች፤ ዋጋዋን ተቀብላ ትሄዳለች። በሱማሌና በአፋር አገር እንደሚደረገው መስፋት በእኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም፤ በዚህም ምክንያት «የእኛስ ቀላል ነው» እንላለን። ቀላል መሆኑን ማን መረመረ? ሦስት ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በገላዋ ሁሉ ያለው ደም ተጠራቅሞ አንድ የውኃ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ደምን ለማርጋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ የሚባለው ነገር ደግሞ በአራስ ልጅ ገላ ውስጥ እጅግ የሚያንሰው በዚያችው በመጀመሪያዋ ሳምንት ነው፤ ሐኪሞች ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ያን መርፌ መስጠት የጀመሩት ስለዚህ ነው። እኛ ምላጩን የምናነሣው ደሟ ለመርጋት በሚቸገርባቸው ቀኖች ነው። በዚህ ላይ የምላጩ ቆሻሻ አለ፥ መንጋጋ ቈልፍ አለ፥ ቍስሉ አብጦ ሽንት መከልከሉ አለ።

የዳነችውም ቢሆን ዕዳው ይከተላታል። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28,000 በላይ የሆኑ ወላዶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት፥ የተገረዙት ሴቶች ካልተገረዙት ይልቅ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንደሚፈሳቸው፥ በቀዶ ሕክምና የሚገላገሉትም እንደሚበዙ፥ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሚወልዱት ሕፃን የመሞቱ አደጋ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ግርዛቱ በከፋ መጠንም አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ አያቲቱ በምላጭ የምትነካው የልጅ ልጇን ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተፀነሰውንም ነው።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ትሰብራለች ይላሉ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ገንቦና ብዙ ሲኒ ሲሰበር አይቻለሁ፤ የሰበሩትም ሴቶች የተገረዙ ነበሩ። ባሏን አታከብርም ይላሉ። በምላጭ የተገኘ አክብሮት ምን ዐይነት አክብሮት እንደ ሆነ የሚያስረዳኝ ባል እስካሁን አላገኘሁም። ባልየው አክብሮትን በጠባዩ ማግኘት ካልቻለ ሚስቱ በሰባት ቀኗ ያጣችው ሥጋ ምን ይረዳዋል?

ከዚህ በኋላ ሃይማኖት ይጠቀሳል። በእኛ ዘመዶች መካከል ቤተ ክርስቲያን የሚስምም መስጊድ የሚሰግድም ስላለ፥ ወሎ እንዲህ ነውና፥ ሁለቱንም ወገን ጠይቄአለሁ። በኦሪት ዘፍጥረት በዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ለአብርሃም የተሰጠው ትእዛዝ ስለ ወንድ ልጅ የተነገረ ነው፤ ሴት ልጅ አልተጠራችም። በቅዱስ ቍርኣንም ስለ ሴት ልጅ ግርዛት የወረደ አንቀጽ የለም። በግብፅ አገር እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በሐኪም እጅ ስትገረዝ ከሞተች በኋላ የአገሩ ታላቅ ሙፍቲ ዓሊ ጁምዓ ነገሩ የተከለከለ መሆኑን ተናገሩ፤ በሚከተለው ዓመትም መንግሥቱ በሕግ ከለከለው። «ሐኪም ቢሠራውስ?» ለሚሉ ሰዎችም ይህ መልስ ይበቃል፤ ያችን ልጅ የገረዛት ሐኪም ነበርና።

የገዛ አባቶቻችንም ቃል አለ። ስሙ ከጎረቤታችን ከአማራ ሳይንት ተድባበ ማርያም ጋር አብሮ የሚነሣው ዐፄ ገላውዴዎስ፥ እ.ኤ.አ. በ1555 ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ለመጡት ኢየሱሳውያን መልስ ይሆን ዘንድ በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ፥ ግርዛት በእኛ ዘንድ እንደ አይሁድ ሕግ የሚፈጸም ሳይሆን የአገር ልማድ መሆኑን አስረድቷል፤ የኖባ ሰዎች ፊታቸውን እንደሚበጡ፥ የሕንድ ሰዎችም ጆሮአቸውን እንደሚበሱ ያለ ነው ብሎ መስሎታል። ንጉሥ ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በፊት ልማድ ነው ያለውን ነገር ዛሬ የሰፈር ባልቴት የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው ብትለን ዝም ብለን እንሰማታለን።

ሕጉ እንደ ሆነ ከተጻፈ ቈይቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ በሴቶች አካልና አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ልማድ ከልክሏል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በ565ኛው አንቀጽ ሴትን የገረዘ ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ ይላል። ለመስፋት ያለው ቅጣት ከዚህ የከበደ ነው፤ ተባባሪ የሆነው ወላጅም በ569ኛው አንቀጽ ይጠየቃል። ልብ በል፤ ወላጅ ይላል፤ እናት ብቻ አይልም። ደሴ የሄደውንም አይተወውም ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ ጨርሶ አልተሻሻለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያት ሴቶች 80ዎቹ፥ በ2005 74ቱ፥ በ2016 65ቱ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ደግሞ ቍጥሩ ወደ 47 ወርዷል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2014 በሎንዶን ስብሰባ ላይ እስከ 2025 ድረስ ፈጽሞ እናጠፋዋለን ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ዓመቱ ደረሰ፤ ምላጩ ግን ከጓዳ አልወጣም። እንዲያውም ሕጉ ከወጣ ወዲህ በአደባባይ ይደረግ የነበረው በድብቅ፥ በቀን ይደረግ የነበረው በንጋት ሆኗል። አራስ ልጅ ደግሞ ለፖሊስ አትናገርም።

አሁን ወደ ብልሁ ተከራካሪ እንምጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ሰሞኑን እንዲህ አለኝ፤ «የፈረንጅ ሴቶች ብልታቸውን በስተው ቀለበት ያንጠለጥላሉ፤ የእኛም ልጆች በከተማ ጀምረዋል። ያ ሥልጣኔ ከተባለ የእናቶቻችን ልማድ ለምን ወንጀል ይባላል?» ጥያቄው መልስ የሌለው መስሎት ፈገግ አለ። መልሱ ግን አጭር ነው፤ ማን ፈቀደ? ለራሷ በደረሰች ሴት ፈቃድ የተደረገና ሰባት ቀን በሆናት ሕፃን ላይ የተደረገ ነገር በምን ይመሳሰላል? ደግሞም ፈረንጆቹ ሁሉን በደስታ ተቀብለውታል ያለው ማነው? የዓለም ጤና ድርጅት ግርዛትን በአራት ሲከፍል ያለ ሕክምና ምክንያት ብልትን መውጋትንና መብሳትን በአራተኛው ክፍል ውስጥ አስገብቶታል፤ የእንግሊዝ ጤና መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ቀለበት በዚያው መዝገብ እንዲጻፍ አድርጓል። ብዙዎች በዚህ ይከራከራሉ፤ እኔም ሁለቱን በአንድ ዐይን አላያቸውም።

እኔ ቀለበቱን አልወድም። ሆኖም አልወድም ብዬ የሚጠቅመውን ነገር ብደብቅ ከእነዚያ ዝም ካሉት በምን እሻላለሁ? ዕድሜዋ የደረሰና ማንም ሳያስገድዳት የቈረጠች ሴት ብትኖር፥ መርፌው ፊቷ ከታሸገበት ሲወጣ ሳታይ አትወጋ፤ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ በአንድ መርፌ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉና። እናቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱበትና ጆሮአቸውን የተበሱበት መርፌም ስንቱን ሰው እንዳዳረሰ አስብ። ቀለበቱ እንደ ቲታኒየም ካለ ገላን ከማያስቈጣ ብረት ይሁን። እጇን በሳሙና ሳትታጠብ አትንካው፤ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ትጠበው እንጂ አልኮልም ቅጠልም ቅቤም አታድርግበት። እስኪድን ድረስ፥ ይኸውም ሳምንታት፥ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ነው፥ ከወንድ ትከልከል። መግል ቢይዝ ወይም ትኵሳት ቢመጣ፥ ቀዳዳው መግሉን እንዳይዘጋበት ራሷ ሳታወልቀው ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ነፍሰ ጡር ከሆነች፥ ወይም በሕፃንነቷ ተገርዛ ጠባሳ ካላት፥ ነገሩን ብትተወው ይሻላል፤ ጠባሳ በቀላሉ አይድንምና። ይህን ሁሉ መምረጥና መተው የምትችለው ግን ገላዋ ሳይጐድል የተረፈላት ሴት ናት።

ከሩቅ ሳንሄድ በከምባታ የሆነውን ተመልከት። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ አገሯ ተመልሳ ማኅበር ባቋቋመች ጊዜ የተገረዘች ሴት ብቻ ናት የምትታጭ ይባል ነበር። እርሷ በስድብ አልጀመረችም፤ ሽማግሌውንም ገራዧንም ወጣቱንም እያስቀመጠች አወያየች። በኋላም አንዲት ሙሽራ አልተገረዝሁም፥ ከእኔ ተማሩ የሚል ጽሕፈት ደረቷ ላይ አድርጋ በሕዝብ ፊት ተዳረች፤ ሙሽራውም አጠገቧ ቆመ። ቦጋለች በ2019 ዐረፈች። እኔን የሚገርመኝ ያ ሙሽራ ነው። በአገሩ ሁሉ ፊት ቆመ እንጂ ደሴ ጉዳይ አለኝ አላለም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ዐርብ ማታ ተመልሼ ሄድሁና የሕጉን አንቀጽ ለእኅቴ አነበብሁላት። እስከ ፍጻሜው ሰማችና «መቀጮው ስንት ነው አልህ?» አለችኝ። ከ500 ብር የማያንስ ብላት ሳቀች። «በዚህ ዘመን በ500 ብር በግ እንኳ አይገዛ!» አለች። እኔም አፈርሁ፤ በሕጉ ነው ወይስ በራሴ ያፈርሁት አላውቅም። የቅዱሳን መጻሕፍቱን ነገር ብነግራት «አንተ ቄስ ነህ ወይስ ሼክ?» አለች። በመጨረሻ የምለው ባጣ ብርጭቆ አስመጣሁ፤ ውኃ ሞላሁበትና መሶቡ ላይ አስቀመጥሁት። «እቴቴ፥ ይህች ልጅ በገላዋ ያላት ደም ይኸው ነው» አልኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባችው፤ ምንም አልመለሰችልኝም።

እሑድ ገና ሳይነጋ ሄጄ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ መጣች። እኅቴ ተቀበለቻት፤ ቡና አፈላችላት፤ እስከ በረካ ድረስ አጠጣቻት። «የእኛዋን አንድዬ ከነገላዋ ሰጥቶናል፤ እንዲሁ ትሁን» አለቻትና የለመደችውን ብር በእጇ አኖረችላት። ሴትዮዋ በጨርቅ የተጠቀለለውን ምላጭ ከጕልበቷ ላይ አንሥታ በመቀነቷ ቋጠረችው። ልትወጣ ስትል ወደ እኔ ዞራ «ይህን ያስተማርኻቸው አንተ ነህ አሉኝ። ዕድሜዬን የኖርሁት በዚህ ነው፤ ከእንግዲህ እኔ ምን ልብላ?» አለችኝ። የምሰጣት መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁላትም። በዚያው ሳምንት ሌላ ቤት እንደምትጠበቅ ግን ለእኅቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን አባትየው ከደሴ ደወለ። እናቱን «ሁሉ ደኅና ነው?» አላት፤ ሌላ ነገር ለመጠየቅ አልደፈረም። እኅቴ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። «ልጅህ ጡት ጠብታ ተኝታለች» አልሁት።