«ጊዜያዊ መስተጓጎል» ነው እንዴ?

ኔትወርክን በጥያቄ ጎርፍ የማጨናነቅ ጥቃት መረጃ ስለማይሰርቅ «ጊዜያዊ መስተጓጎል እንጂ አደጋ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ሌባ እስካልገባ ድረስ የሱቅ በር ላይ አፈር መድፋት ምን ችግር አለው እንደማለት ነው!

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የድረ ገጽ ስሞችን ከአድራሻቸው ያገናኝ የነበረው ዳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተጠቃ። የትዊተርና የኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ምንም ሳይሆኑ ብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት ሊደርሱባቸው አልቻሉም። ጎርፉን ያዘነቡት ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸው የጥበቃ ካሜራዎችና መሰል ዕቃዎች ነበሩ።

«ይህን የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው» መባሉስ? ለጥቃቱ መሣሪያ የሆነውን ሚራይ የተባለ ፕሮግራም የሠሩት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው። የላይቤሪያውን ቴሌኮም ሎንስታርን በተመሳሳይ ጎርፍ ያጠቃውም በተፎካካሪ ድርጅት ሰው የተቀጠረ አንድ ብሪታንያዊ ነው። የለንደን ፍርድ ቤት «መስተጓጎል» ብሎ አላለፈውም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሁለት ዓመት ከስምንት ወር እስራት ፈረደበት።